ሲንቄ ይዘው የሚወጡት እናት

በዚያ ዘመን ሥራዬ ጉድጓድ ማየት ነበር። ቀልዴን አይደለም። የጤና ረዳት ተብዬ፣ ነጭ ጋዋን ተሰጥቶኝ ከናዝሬት ወደ ሁሩታ ስመደብ እናቴ ጎረቤት ሰብስባ «ልጄ ሐኪም ሆነችልኝ» ብላ ዳቦ ቆርሳ ነበር። ሐኪሟ ግን ቀኑን ሙሉ ከመንደር መንደር እየኳተነች፣ ገበሬው መጸዳጃ መቆፈር አለመቆፈሩን ጎንበስ ብላ ታያለች። መንደር ምሥረታ የመጣ ሰሞን ነው። በየማሳው ዳር ተበታትኖ ይኖር የነበረው የአርሲ ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በገመድ ተለክቶ በተሰመረ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። ቤቶቹ በረድፍ ቆሙ፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ጉድጓድ መኖር ነበረበት። የእኔ እንጀራ እሱ ነበር።

ገና በወጣትነቴ ደክሞኝ ነበር። የክረምቱ ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል፤ የበጋው አቧራ ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። ክሊኒካችን ውስጥ የነበረው አስፕሪን፣ የቁስል ቀለምና ብዙ ፖስተር ነው። ሰዉ መርፌ ይፈልጋል፣ እኔ ስለ ጉድጓድ አወራለሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ስወድቅ እግሬ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት በሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ካለው ቤት ጓሮ ገብቼ ጉድጓዱን አየሁና፣ የሰው ድምፅ ሰምቼ በበሩ አንገቴን አስገባሁ። አንዲት አሮጊት ከምሰሶው ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው በወግ ታስሯል፣ ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ግን፣ እንዳይልጣቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የጥጃ ገመድ አለ፤ ጫፉ ምሰሶው ላይ ታስሯል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምነው ደጅ ቆምሽ?» አሉኝ በኦሮምኛ። እንግዳ መቀበሉን አልረሱም፤ የረሱት መታሰራቸውን ነው።

የእኔ ኦሮምኛ ናዝሬት ገበያ ላይ የለቀምኩት ነው፤ ለመጣላት ግን ይበቃል። ምራታቸው እንስራ አዝላ ስትመጣ ጮህኩባት። «ሰው እንደ ጥጃ ይታሰራል? የገዛ እናትሽ ቢሆኑ ታስሪያቸው ነበር?» ሌላም ሌላም አልኩ። እንስራዋን አወረደች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያው አንቺ ያዣቸው» ብላኝ በጓሮ በኩል ወጥታ ሄደች።

አሮጊቷ ወዲያው ተነሡ። ግድግዳው ላይ ተሰክቶ የነበረ ቀጭን ዘንግ አወረዱና «መና ኮ ነን ገላ» አሉ፤ ቤቴ ልግባ ማለታቸው ነው። ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ምን ላድርግ? እጃቸውን ይዤ ልመልሳቸው ሞከርኩ፤ የዚያ የከሳ እጅ ጉልበት አይጣል ነው። ስንዴውን ሰንጥቀን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ድሮ ግቢያቸው የነበረው ቦታ ደረስን። የቀረው የቅንጭብ አጥርና ሦስት ጉልቻ ብቻ ነው። አዮ ከጉልቻው አጠገብ ተቀመጡ። በአገሩ ወግ አዮ እናቴ እንደማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። ተቀምጠውም፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ባላቸው ከእርሻ እስኪመለሱ መጠበቅ ጀመሩ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ባላቸው እንደሞቱ ነገርኳቸው፤ ይህን ስል ገና ያን ሰዓት መርዶ እንደደረሰው ሰው አለቀሱ። በመጨረሻ ድካሙ ራሱ ውሸት አስተማረኝ። «አዮ፣ ቤቱ እኮ ጭቃ እየተመረገ ነው። እስኪደርቅ ልጅዎ ዘንድ እንቆይ» አልኳቸው። ዕንባቸውን ጠረጉ። «እንዲያ ነው እንዴ? እርጥብ ቤትማ ያሳምማል» ብለው ተነሡ።

ስንመለስ ምራቲቱ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጣለች። የት ሄደሽ ነበር ብላት «የትም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች፤ ተኝታ እንኳ አይደለም፣ ዝም ብላ ተቀምጣ። ቁጣዬ ጠፋና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እኔም ከዚያ የሚያልፍ አቅም አልነበረኝም።

ነገሩን የነገረችኝ ያኔ ነው። መርሳቱ የጀመራቸው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ነበር፤ ወጡን ደጋግሞ ጨው መጨመር፣ የልጅ ልጆችን ስም ማምታታት። ሰው «ጃጁ» ብሎ ተወው። በገዛ ግቢያቸው ግን እግራቸው መንገዱን ያውቅ ነበር። ወደ መንደሩ ከመጡ ወዲህ በሩ ሁሉ አንድ ሆነባቸው፤ የሰው ቤት ገብተው የሰው መደብ ላይ ይተኛሉ፣ ካልሆነም ወደ ድሮው ግቢ ይነሣሉ። አንዴ ወንዝ ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ሌላ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች አሮጌው ግቢ ላይ አገኟቸውና ልጃቸው ተጠራ። ወደ ድሮ ቦታ መመለስ ክልክል ነው፣ እናትህ ለሕዝቡ መጥፎ ምሳሌ ሆናለች፣ ሁለተኛ ከተገኘች የምንይዘው አንተን ነው ተባለ። ገመዱን ያሰረው እሱ ራሱ ነው።

«አስሮ ሲጨርስ ከከብቶቹ ጋራ ገብቶ አለቀሰ» አለችኝ። «ወይ እሳቸው ይታሰራሉ፣ ወይ እሱ። እሱ ከታሰረ ማን ያርሳል? አንቺ ሐኪም አይደለሽም? መርፌ ውጊያቸው።»

ይህ ነገር መርፌ እንደሌለው ነገርኳት። የሚያስተኛ መርፌ ቢኖረኝ ኖሮ መጀመሪያ የምወጋው እሷን ነበር። በሥልጠናችን ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ጉድጓድ ስፋት ተምረናል፤ ስለዚህ ነገር ግን ማንም ምንም አላለንም። እርጅና ነው ተብሎ ታልፏል። እርጅናውን በጀርባዋ የተሸከመችው ሴት ምን ታድርግ የሚል ገጽ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ጉድጓድ ልይ ብዬ እሷ ቤት መሄድ ጀመርኩ። እሷ ሁሩታ ገበያ ስትወርድ እኔ አዮን እይዛለሁ። ገመዱን ፈትቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ፣ ረድፉን ስንዞር እንውላለን። ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ የምመጻደቅ እንዳይመስላችሁ፤ ስልችት ይለኝ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ሁለት ቤት ሳናልፍ «የማን ልጅ ነሽ?» አባቴን እስክጠላ ድረስ መለስኩላቸው። አንዳንዴ እበሳጭና የውሸት አባት እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ያንኑም «ደግ ሰው ነበር፣ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ያን ጊዜ ሳልወድ እስቃለሁ።

ሌላም ነገር መጣብኝ። ጉድጓድ ሳይ ጓዳውንም ማየት ለመድኩ። እንዲህ ያለ ሰው የአዮ ቤት ብቻ አልነበረም። አንዱ ቤት አባት ናቸው፣ ሌላው ቤት አያት፤ ሁሉም ደብቆ ነው የሚያኖረው፤ ጂኒ ነው እንዳይባል፣ ቤተ ዘመዱ እንዳይታማ። እኔም ያቺን የጭቃ ውሸት በየደጁ እንደ መድኃኒት አደልኳት። አትከራከሯቸው፣ ሞተዋል አትበሏቸው፣ ቤቱ እየተመረገ ነው በሉ። ከክሊኒኩ አስፕሪን ይልቅ እሷ ሠራች። ብቻ ውሸቷ ሰውየውን ታረጋጋለች እንጂ የሚይዘውን ሰው አታሳርፍም።

እንዲህ እያልን ስንዴው ለአጨዳ ደረሰ። አንድ የገበያ ቀን መንደሩ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። ምራቲቱ ገላቸውን ልታጥባቸው ገመዱን ፈትታ ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል፣ አዮ ያን ቀጭን ዘንግ ይዘው ደጅ ወጥተው ጮኸዋል። ዘንጉ ሲንቄ ይባላል። የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ነው። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ከጮኸች፣ ድምፅዋን የሰማች ባለትዳር ሁሉ የያዘችውን ጥላ አብራት ትሄዳለች፤ በደሏ ሳይካስ አትመለስም፣ ወንድ የተባለ ፊቷን አያቋርጥም። አዮ እስከዚያ ቀን ሲንቄውን እንደ ምርኩዝ ይዘውት ይወጡ ነበር እንጂ ጮኸው አያውቁም። በድሮው ግቢያቸው ሆነው ቢጮኹ የሚሰማ አንድ ወይ ሁለት ቤት ነው። እዚህ ግን ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቷል፤ ረድፉ በሙሉ ሰማ።

ሴቶቹ ወጡ። አንዷ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ወጣች፣ ጡት የምታጠባዋ ልጇን እንዳቀፈች ወጣች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሚስት ፀጉሯ እኩሉ ተሠርቶ እኩሉ ተበትኖ ከፊት ነበረች። «ማን በደለዎ?» ብለው ጠየቁ።

«ቤቴን ወሰዱብኝ» አሉ አዮ።

ከዚያ ሁሉ ሴት አንዷም «ጃጅተዋል እኮ» አላለችም። ሕጉ የተበደለች ሴት ይላል እንጂ አእምሮዋ የተሟላ ሴት አይልም። ደግሞስ ምን ውሸት ተናገሩ? ቤታቸውን ወስደውባቸዋል። የሁሉንም ወስደዋል።

አዮ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከመጨረሻ ሆነን መንገድ ጀመርን። ምራቲቱ ልትከተል ስትል አንዲት ጎረቤቷ ትከሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ መለሰቻት። ወንዙ ጋ ሊቀመንበሩና ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆመው ጠበቁን። ሊቀመንበሩ አፉን ሊከፍት ሲል ሲንቄውን አየ። ከመንገዱ ወረደ። ጥበቃውም ወረደ። የሊቀመንበሩ ሚስት በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እሱም ከበላዩ የሚፈራው ነበረው። እኔ ስደርስ «ሐኪሟ፣ ካድሬው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?» አለኝ በአማርኛ፣ ላብ ላብ እያለው።

«ለማገዶ ወጡ በለው» አልኩት።

«ይሄ ሁሉ ሴት?»

«ብዙ ማገዶ ነዋ።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ተወን።

ግቢው ስንደርስ አዮ ከጉልቻቸው አጠገብ ተቀመጡና፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ደንገጥ ብለው «ግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆማችኋል?» አሉ። ሴቶቹ ተያዩ። ግድግዳ የለም፣ በር የለም፣ የተረገጠ መሬት ብቻ ነው። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አሮጊት ቀድመው፣ በሩ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ገቡ። የአዮ በር ዝቅተኛ እንደነበር ያውቃሉ። ከኋላ ያሉት አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገቡ። እኔም ጎንበስ አልኩ።

ሁላችን ክብ ሠርተን ስንቀመጥ አዮ ዙሪያቸውን አዩና «ማን ሞቶ ነው የተሰበሰባችሁት?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ በሣቅ ፈረሱ፤ ሣቁ እስከ ወንዙ ተሰማ። አዮም አብረው ሣቁ።

ሣቁ ሲበርድ ግን ችግር መጣ። በደሉ ካልተካሰ መመለስ አይቻልም፤ በዳዩን ከሶ የሚያስክሰው ማን ነው? አዮ ደግሞ የመጡበትን ረስተውታል፤ ነገ ያስታውሱትና እንደገና ይጮሃሉ። እኒያ በዕድሜ የሚበልጡት ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። «የእኚህ ሲንቄ መልስ የለውም፤ ማለቂያም የለውም። ስለዚህ ተራ ይሁን። በጮኹ ቁጥር ከአንድ ረድፍ አንዲት ሴት ትውጣ፤ እሷ ስትወጣ ሁላችንም እንደወጣን ይቆጠር። ምራታቸው ግን ተራ የላትም፤ እሷ ቤቷ ትረፍ።» ማንም አልተከራከረም። ሲመለሱ አዮን ከመሃላቸው አድርገው በየመንገዱ ጭራሮ እየለቀሙ ተሸከሙ፤ ሊቀመንበሩ ለካድሬው የሚናገረው ውሸት እንዳይሆንበት ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ጉድ ላወራላት እየተጣደፍኩ ምራቲቱ ቤት ደረስኩ። ባሏ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዶሮዎቹን እንዳይገቡ ይከለክላል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ። አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ቁርበቱ ላይ፣ ምሰሶው ሥር፣ ገመዱን ጠቅልላ ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷታል። አልቀሰቀስናትም።

ከዚያ በኋላ ገመዱ ወደ ጥጃው ተመለሰ። የሴቶቹ ተራ ያለ ማጉረምረም ሄደ ብል እዋሻለሁ። በዝናብ ቀን «ምነው ዛሬ እንኳ ባይጮኹ» ይባል ነበር። ወፍጮ ቤት ልትሄድ ስትል ተራ የደረሰባት ሴት ስትራገም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን እየተራገመችም ወጣች። ሊቀመንበሩ ጥበቃዎቹን ከወንዙ አነሣ፤ ባልየውንም ዳግም የጠራው የለም። ምራቲቱ ፊቷ ላይ ሥጋ መለስ አለ። ገበያ ስትወርድ ከሰው ጋር ስትቀልድ ያየኋት ያኔ ነው። ቢሆንም ምኞቷ አንድ ነበር። «ወደ ግቢያችን ብንመለስ እሳቸውም ይድኑ ነበር» ትለኛለች። እኔም አምን ነበር። ሁላችንም በሽታው መንደሩ ነው ብለን አምነን ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ፖሊሲው ተለወጠና ሰዉ ወደ ድሮ ቦታው ተመለስ ሳይባል መመለስ ጀመረ። ረድፉ በየቀኑ ጥርሱ እየወለቀ ሄደ። የአዮም ልጅ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን እንደገና ተሸከመ። እኔ በዚያው ሰሞን ወደ ናዝሬት ተዛውሬ ስለነበር ልሰናበታቸው ሄድኩ። መንገዱ ያለ ወትሮው ረዘመብኝ። ቅንጭቡ ታጥሯል፤ በሦስቱ ጉልቻ ዙሪያ ቤቱ እንደገና ቆሟል፣ በሩም እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። ምራቲቱ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ሮጣ መጥታ ሳመችኝ። «ገቡ እኮ! ቤታቸው ገቡ!» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አዮ ከአዲሱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። «አዮ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» አልኳቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ግድግዳውን ዳሰሱና ጣታቸውን አዩ። «ይህ ቤት ገና እርጥብ ነው፤ ያሳምማል» አሉ። ተነሡና ሲንቄያቸውን ካስደገፉበት አነሡ። «መና ኮ ነን ገላ።»

«አዮ፣ ቤትዎ ይኸው ነው እኮ!» አለች ምራቲቱ። «ይኸው ጉልቻዎ፣ ይኸው በርዎ!» እጃቸውን ይዛ ጉልቻውን ልታሳያቸው ጎተተቻቸው። የሰው ዕቃ እንደሚያዩ አዩት፣ በትህትና። ከዚያ ወደ ቅንጭቡ ሄደው ሲንቄውን ከፍ አድርገው ጮኹ።

ቆመን አዳመጥን። ቅርብ ያለው ቤት ከማሳው ማዶ ነው፤ ጭሱ እንጂ ሰዉ አይታይም። ነፋስ ስንዴውን ያንቀሳቅሳል። ደግመው ጮኹ። የመጣ ሰው የለም። ያ የረገምነው ረድፍ፣ ያ በገመድ የተሰመረ ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋጋ ቤት ትዝ አለኝ፤ እሷም እሱን እንዳሰበች ከፊቷ አወቅሁ። ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ያዘች። አላለቀሰችም። እንስራ አዝላ የመጣች ዕለት የነበረው ፊቷ ተመለሰ።

ቦርሳዬን ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩ። «አንቺ ግቢና ተኚ» አልኳት። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

«ነገስ?» አለችኝ።

አዮ አጥሩን አልፈው ነበርና ተከተልኳቸው።